ወንዝ ዳር ያለ ጉድጓድ እንዴት ነው መርዝ ሚሆነው? (የሹፌራችን እጅ ጉዳይ)

ኩዌት_ነኝ

ሰላም ለቤቱ። አንድ ጥያቄ አለኝ፣ እዚህ ስለ ውሃም ስለ ድንጋይም የተማሩ ሰዎች እንዳሉ ስለማውቅ ነው እንጂ ሌላ ቦታ ብጠይቅ ይስቁብኛል።

ኩዌት ሰው ቤት ነው ምሰራው፣ ስድስት አመት ሊሞላኝ ነው። የማዳም ሹፌር የባንግላዴሽ ሰው ነው፣ ጨዋ ሰው ነው፣ በተሰባበረ አረብኛ እናወራለን። መዳፉ ሁሌ ይገርመኝ ነበር፣ ውስጡ ጠጠር ጠጠር ብሎ እንደ ደረቀ በቆሎ ይሻክራል፣ እኔ ከመሪው ነው ብዬ ትቼው ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን በሙቀቱ መኪና ሲያጥብ ሸሚዙን አውልቆ ደረቱን አየሁት፣ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ነው፣ አቧራ መሬት ላይ ካፊያ ጠብ ጠብ ሲል ሚሰራውን ታውቁታላችሁ አይደል ልክ እንደሱ። ደንግጬ ምን ሆነህ ነው ስለው ሳቅ ብሎ «ማይ ማይ» አለኝ። ውሃ ነው ማለቱ ነው።

አገሩ ቻንድፑር ሚባል ነው፣ ሜግና ሚሉት ትልቅ ወንዝ ዳር። ልጅ ሆኖ በራቸው ላይ የእጅ ፓምፕ ተተክሎ ከሱ እየጠጣ ነው ያደገው፣ ከዛ አንድ ቀን ሰዎች መጥተው ውሃውን መርምረው የፓምፑን አፍ ቀይ ቀለም ቀብተውት ሄዱ። አርሴኒክ አለበት ተባለ።

አሁን እኔ ያልገባኝ፣ ወንዙ እዛው አጠገባቸው ነው፣ ፋብሪካ የሚባል ነገር የለም ሩዝና ጁት ብቻ ነው ይላል፣ ታዲያ መርዙ ከየት መጣ? ወንዙ ነው እንዳልል የወንዙን ውሃ ሚጠጡት አልታመሙም ይለኛል። የጎረቤቱ ፓምፕ ደግሞ አረንጓዴ ነው የተቀባው፣ ሃያ እርምጃ ብቻ ርቆ!! ሌላው አትሳቁብኝና ይተላለፋል እንዴ? አንድ ኩሽና ነን። ደሞ የኔ ቤተሰቦች መቂ ናቸው የጉድጓድ ውሃ ነው ሚጠጡት፣ ለነሱም ሆዴ ፈራ።

ነጻ_ሀሳብ

የፋብሪካ ቆሻሻ ነው እህቴ አትሸወጂ፣ ማንም የለም ይልሻል ግን ከላይ በኩል ሚደፋ አለ። የሆነው ሆኖ አፍልቶ መጠጣት ነው ወይ ውሃ አጋር ጠብ ማድረግ፣ አለቀ።

ሲስተር_ዘ

ኧረ ነጻ ሀሳብ በናትህ እንዲህ አይነት ምክር አትስጥ። ማፍላትና ክሎሪን ለጀርም ነው ሚሰሩት። አርሴኒክ ጀርም አይደለም፣ ብታፈላው አይሞትም፣ እንደውም ውሃው በእንፋሎት ሲሄድ እሱ ድስቱ ውስጥ ስለሚቀር የቀረው ውሃ ይብስበታል። ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው፣ ቀለም የለው፣ ለዛ ነው ሰዉ ሳያውቀው ሃያ አመት ሚጠጣው።

እህቴ ኩዌት፣ አይተላለፍም። ማንኪያውንም ብርጭቆውንም ተጋሩ ምንም አትሆኚም። ይሄን ደጋግሜ ምልሽ ለምን መሰለሽ፣ እዛ አገር ሰዉ ቁምጥና እየመሰለው ስንቱን አግልሏል፣ በተለይ ሴቶቹን፣ እጇ እንደዛ የሆነች ልጅ ባል አታገኝም፣ ያገባችውም ወደ እናቷ ቤት የምትመለስበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ሲስቅልሽ ዝም ብሎ ሳቅ እንዳይመስልሽ።

ያየሽው ነገር ደግሞ ቁጭ ብለሽ መፅሐፍ ላይ ያነበብሽው ነው ሚመስለው። ደረት ላይ የዝናብ ጠብታ ሚመስል ነጠብጣብ፣ መዳፍና የእግር ስር ላይ የደደረ ቆዳ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ አርሴኒክን መጠርጠር ነው። በአንድ ወር አይመጣም፣ ብዙ ጊዜ ከአምስት አስር አመት መጠጣት በኋላ ነው ሚወጣው። ይሄን ያድናል ሚባል የተረጋገጠ መድኃኒት የለም፣ ዋናው ውሃውን ማቆም ነው፣ እሱ ደግሞ ኩዌት ከመጣ ጀምሮ አቁሟል። ለደደረው ቆዳ ማለስለሻ ቅባት ይሰጡታል፣ ግን ለቅባቱ ብቻ ሳይሆን ሐኪም ይየው፣ ምክንያቱም የቆዳ፣ የሳንባና የፊኛ ካንሰር አደጋው ውሃው ከቆመ በኋላም አብሮት ይቆያል። ቺሊ ውስጥ አንቶፋጋስታ ሚባል ከተማ ከ1958 እስከ 1970 (በፈረንጅ) ሰዉ በሊትር ከ800 ማይክሮግራም በላይ አርሴኒክ ያለው ውሃ ጠጣ፣ በ1970 ማጣሪያ ተሰራላቸው፣ የሳንባና የፊኛ ካንሰሩ ግን ከዛ በኋላ ለአስርት አመታት ከፍ እንዳለ ነው የቀጠለው። የአለም ጤና ድርጅት ሚለው 10 ማይክሮግራም ነው፣ አስቢው። በሽንት ላይ ደም ካየ፣ ወይ እጁ ላይ ያለው ጠጠር ቆስሎ አልድን ካለ ቶሎ ይሂድ በይው።

ከየት መጣ ለሚለው የድንጋይ ሰዎቹ ይምጡ።

ድንጋይ_ቆጣሪ

መጣሁ። ረጅም ነው ቡና ይዛችሁ አንብቡ፣ አመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።

ፋብሪካ አይደለም ነጻ ሀሳብ፣ ሂማላያ ነው። ተራራው ሲፈረፈር ድንጋዩ ውስጥ ትንሽዬ አርሴኒክ አለ፣ ብዙ አይደለም፣ የትም አገር ድንጋይ ውስጥ ያለውን ያህል ነው። ድንጋዩ ውስጥ ያለው ብረት ይዝግና ዝገቱ የአሸዋውን ፍሬ እንደ ቀለም ይለብሰዋል፣ አርሴኒክ ደግሞ ዝገት ላይ መለጠፍ ይወዳል። ጋንጀስና ብራህማፑትራ ሚባሉት ወንዞች (መጨረሻ ላይ ከሜግና ጋር ነው ሚገናኙት) ያንን አሸዋና ጭቃ ተሸክመው ሜዳው ላይ ይዘረግፉታል። ወንዙ ውስጥ አየር ስላለ ዝገቱ የያዘውን አይለቅም፣ ለዛ ነው የሜግና ውሃ ከአርሴኒክ አንፃር ደህና የሆነው (ከኮሌራ አንፃር አላልኩም)።

ችግሩ ሚጀምረው ደለሉ ሲቀበር ነው። ጎርፍ በመጣ ቁጥር ቅጠሉ፣ ሳሩ፣ ሥሩ አብሮ ይቀበራል፣ ከላዩ ደግሞ ጥሩ ሸክላ ጭቃ ይተኛበታል። እማማ ጠላ ሲጥሉ ጋኑን በጭቃ ሚመርጉትን አስቢ፣ ምርጊቱ አየር ይከለክላል፣ ውስጥ ያለው ነገር ግን ስራውን አያቆምም። እዛም ባክቴሪያዎቹ የተቀበረውን ቅጠል ይበላሉ፣ ለመብላት መተንፈስ አለባቸው፣ ኦክስጅኑን ይጨርሱና ሲያልቅባቸው ዝገቱን መተንፈስ ይጀምራሉ። ቀልድ አይደለም፣ ከዝገቱ ውስጥ ያለውን ብረት ለዛ ይጠቀሙበታል። ዝገቱ ሲሟሟ የያዘው አርሴኒክ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ድሮ ሌላ ሀሳብ ነበር፣ ሰዉ ለመስኖ ውሃ ሲስብ አየር ገብቶ ፓይራይት ሚባለውን ማዕድን ስላበላሸው ነው ይባል ነበር፣ ከ1998 በኋላ ግን ያልኩሽ ነው አብዛኛው ሰው ሚቀበለው።

መሬቱ ደግሞ ጠፍጣፋ ነው፣ ምጣድ በይው። ከመሬት ስር ያለው ውሃ ሚንቀሳቀሰው እየተጎተተ ነው፣ ደለሉም ገና ልጅ ነው፣ ጥቂት ሺህ አመቱ ነው፣ ታጥቦ አላለቀም። ከሱ ስር ያለው የድሮው አሸዋ ግን ሌላ ታሪክ አለው። በበረዶው ዘመን የዛሬ 20 ሺህ አመት ገደማ ባህሩ ከዛሬው ወደ 120 ሜትር ዝቅ ብሎ ነበር፣ ወንዞቹ በጥልቀት ይቆርጡ ነበር፣ አሸዋው አየር አገኘ ታጠበ፣ ቀለሙም ወደ ብርቱካን አዘነበለ። አዲሱ አሸዋ ግራጫ ነው። ግራጫው ነው ተንኮለኛው። ጉድጓድ ሚቆፍሩት ሰዎች እኮ ቧንቧውን በቀርከሃ ማንሻ ከፍ ዝቅ እያደረጉ፣ አንዱ ላይ ወጥቶ በመዳፉ የቧንቧውን አፍ እየከደነ እየከፈተ ነው ሚቆፍሩት፣ ጭቃው በጣቱ መሃል ነው ሚወጣው፣ ስለዚህ የአሸዋውን ቀለም ከማንም በፊት ሚያዩት እነሱ ናቸው።

የጎረቤቱ አረንጓዴ የሆነው ለምን ለሚለው፣ ወንዝ ዝም ብሎ በአንድ ቦታ አይሄድም። ይጠማዘዛል፣ አልጋውን ትቶ ይሄዳል፣ ትቶት የሄደው አልጋ በጭቃና በቅጠል ይሞላል። የአንዱ ቧንቧ ያ አሮጌ አልጋ ላይ ያርፋል፣ የሌላው አሸዋ ላይ፣ ወይ ሃያ ሜትር ጠልቆ ይወርዳል። ስለዚህ የሰፈሩን ጉድጓድ አንዱን መርምረህ ሌላውን መገመት አይቻልም፣ እያንዳንዱ ራሱን ችሎ ይመረመራል። መንደር ውስጥ ሚሰራው ምርመራ ቀላል ነው፣ ጠርሙስ ውስጥ ውሃው ላይ አሲድና የዚንክ ዱቄት ይጨመራል፣ አርሴኒኩ ጋዝ ሆኖ ይወጣና ክዳኑ ላይ ያለችውን ወረቀት ያቀልማታል፣ ከቢጫ ወደ ቡኒ በሄደች ቁጥር ባሰ ማለት ነው።

ቻንድፑር ደግሞ ከሁሉም የባሰው ቦታ ነው። በ1998 እና 99 እንግሊዞችና የአገሩ የውሃ መስሪያ ቤት 3534 ጉድጓድ መርምረው፣ ጥልቀት ከሌላቸው 27 በመቶው የባንግላዴሽን መስፈርት 50 ማይክሮግራምን አልፈው ተገኙ፣ ቻንድፑር ብቻውን ሲታይ ከ10 ጉድጓድ 9ኙ። ከ150 ሜትር በላይ ከጠለቁት ግን 1 በመቶው ብቻ። ከዛ ወደ 5 ሚሊዮን ጉድጓድ ተመርምሮ 1.4 ሚሊዮኑ ቀይ ተቀባ፣ የሹፌራችሁ ፓምፕ ከነዛ አንዱ ይሆናል።

እና ሚያሳዝነው ምን መሰለሽ፣ ፓምፖቹ የተተከሉት ለደግ ነው። ሰዉ የኩሬ ውሃ እየጠጣ ህፃናት በተቅማጥ ሲረግፉ ከ70ዎቹ ጀምሮ መንግስትና ዩኒሴፍ የእጅ ፓምፕ ጠጡ አሉ፣ ሰዉም ወደደው፣ በራሱ ገንዘብ እየተበደረ ሚሊዮን ፓምፕ ተከለ፣ ፓምፕ ለልጁ ጥሎሽ ሚሰጥ ሁሉ ነበር። አርሴኒክ ይመርመር ያለ ግን አልነበረም። በ1983 ኮልካታ አንድ የቆዳ ሐኪም ዶክተር ሳሃ ሚባል ነጠብጣቡን በምዕራብ ቤንጋል ታማሚዎች ላይ አየ፣ የባንግላዴሽ ጉድጓድ ላይ የተረጋገጠው ግን በ1993 ነው። አስር አመት። ይሄ እኔን እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል።

ኩዌት_ነኝ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሲስተር፣ ድንጋይ ቆጣሪ የጋኑ ነገር በደንብ ገባኝ። ጥሎሽ ያልከውን ስነግረው እናቴም እንደዛ ነው ያገኘችው አለኝ 😳

4ኛ_አመት_ሃይድሮ

ምሳሌው ደስ ይላል ግን አንድ ማስተካከያ፣ ጋን ሲመረግ ውስጡ ያለው ጋን ውስጥ ይቀራል። ደለሉ ስር ያለው ውሃ ግን ይንቀሳቀሳል በተለይ ሰው ሲስበው። እኛ ሴሚናር ላይ የቬትናሙን ነው የሰራነው፣ ሃኖይ አጠገብ ቀይ ወንዝ ዳር ቫን ፉክ ሚባል መንደር አለ። ሃኖይ ከተማ ውሃዋን ከመሬት ስለምትስብ ድሮ ወደ ወንዙ ይፈስ የነበረው የከርሰ ምድር ውሃ ዞሮ ከወንዙ ወደ ከተማው መሄድ ጀመረ። መንደሩ ግማሹ ግራጫ አሸዋ ላይ ነው ግማሹ ብርቱካን ላይ፣ እና ውሃው አርሴኒኩን ይዞ ከግራጫው ወደ ደህናው ብርቱካን እየገባ ነው። ደግነቱ ብርቱካኑ አሸዋ ላይ ያለው ዝገት አርሴኒኩን መልሶ ይለጥፈዋል፣ ስለዚህ ውሃው ሁለት ኪሎሜትር ሲሄድ አርሴኒኩ የሄደው ከሱ ከ16 እስከ 20 እጥፍ ያነሰ ነው። በ2013 ነው የወጣው ጥናቱ።

ለጠያቂዋ ዋናው ነጥብ ሚመስለኝ ግን ይሄ ነው፣ ወንዙ ራሱ ንፁህ ሆኖ ሊያስመርዝ ይችላል። ወንዙ ሲጠማዘዝ በውስጠኛው በኩል አዲስ ጭቃ ይጥላል፣ የወንዙ ውሃ በዛ ትኩስ ጭቃ አልፎ ወደ ጉድጓዱ ሲሰርግ እዛው ጭቃው ውስጥ ነው አርሴኒክ ሚያነሳው። በውጪኛው በኩል ወንዙ አሮጌ መሬት እየቆረጠ ስለሆነ እንደዛ አይበዛም። ወንዝ ዳር ሁሉ አንድ አይነት አይደለም ማለት ነው፣ የቱ ዳር ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ድንጋይ_ቆጣሪ

ተቀብያለሁ 4ኛ አመት፣ ጋኑ ያፈሳል እንበል። ሴሚናሩ ስንት ሰጡህ?

4ኛ_አመት_ሃይድሮ

ቢ 😂 ሪፈረንስ አጻጻፍ ነው የቆረጡብኝ

ነጻ_ሀሳብ

እሺ ፋብሪካውን ተውኩት። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ወንዙ ደህና ከሆነ ለምን ወደ ወንዝና ኩሬ አይመለሱም? አያቶቻችን ወንዝ ጠጥተው አልነበር ያደጉት።

ሲስተር_ዘ

ያደጉትን ነው ምታየው፣ ያላደጉትን ማን ይቁጠርልህ። ኩሬውን ያለ ማጣሪያ ከጠጡ እዛው ተቅማጡ ላይ ይመለሳሉ። አርሴኒክ በሃያ አመት ነው ሚገድለው፣ ኮሌራ በሁለት ቀን፣ እናቲቱ ታዲያ የቱን ትፍራ?

ድንጋይ_ቆጣሪ

ሲስተር እንዳለችው ነው። የተሻለው መንገድ ወይ ወደ ጎረቤት አረንጓዴ ፓምፕ መሄድ (ቀላል ይመስላል፣ ግን የተጣላሽው ጎረቤት ግቢ ከሆነስ)፣ ወይ ለሰፈር አንድ ጥልቅ ጉድጓድ መቆፈር፣ ወይ ማጣራት ነው። አንዱ ማጣሪያ ደስ ይለኛል፣ ሶኖ ይባላል፣ አቡል ሁሳም ሚባል አሜሪካ ሚያስተምር የባንግላዴሽ ሰው ነው የሰራው፣ በ2007 አንድ ሚሊዮን ዶላር ተሸልሞበታል። ሁለት ባልዲ አንዱ ባንዱ ላይ፣ ውስጡ አሸዋ፣ ከሰል፣ የጡብ ስብርባሪና የዛገ ብረት። ባክቴሪያው ዝገቱን ፈትቶ የለቀቀውን አርሴኒክ በሌላ ዝገት መልሶ መያዝ ነው፣ ሌላ ተአምር የለውም።

ጥልቅ ጉድጓዱ ላይ ግን ጣጣ አለ፣ ለመጠጥ ሲሆን ጥሩ ነው፣ ሁሉም ሩዙን በሱ ላጠጣ ካለ ግን ከላይ ያለውን መጥፎ ውሃ ወደ ታች ሊስበው ይችላል፣ ቫን ፉክ ላይ ወደ ጎን የሆነው ወደ ታች ሆነ ማለት ነው።

ባቱ_ቴክኒሻን

መቂ ያልሽው ስላለ ነው የገባሁት እህቴ፣ እኔ ጉድጓድ ጥገና ላይ ነው ምሰራው እዚሁ ስምጥ ሸለቆ። እዚህ የሰዉን ጥርስ ቡኒ ሚያደርገው ውሃው ውስጥ ያለ ፍሎራይድ ነው እንጂ አርሴኒክ አይደለም፣ ወንጂም መቂም አላባም ያው ነው፣ የኛ ሰው ሲስቅ አገሩ ይታወቃል። የፍሎራይድ ልኩ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፣ እኛ ጋ ከዛ በብዙ እጥፍ ሚወጣ ጉድጓድ ሞልቷል።

አርሴኒክም ግን የለም ማለት አይደለም። በስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ላይ የተሰሩ ጥናቶች ከ10 ማይክሮግራም በላይ ያገኙባቸው አሉ። ምክንያቱ ግን የባንግላዴሹ አይደለም፣ የኛ እሳተ ገሞራ ነው። አመዱና ያ እንደ መስታወት ሚያብለጨልጨው ድንጋይ ውስጥ ነው ያለው፣ ውሃችን ደግሞ ሶዳ ስለበዛበት ዝገቱም ሸክላውም አልይዘውም ይለዋል። ሳሙና ሲነካው ሙልጭ ሙልጭ ሚል ውሃ ከሆነ ሶዳ አለው ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ፍሎራይድና አርሴኒክ አብረው ይመጣሉ፣ ስለዚህ ቤተሰቦችሽ ውሃውን ላብራቶሪ ሲሰጡ ፍሎራይድ ብቻ ለኩልን እንዳይሉ፣ አርሴኒክም ብለው በአፋቸው ይጠይቁ፣ ካልጠየቅሽ ማንም አይለካልሽም። እኔ ራሴ ስንት ጉድጓድ አስረክቤ ነው ይሄን ያወቅኩት።

ኩዌት_ነኝ

እሺ ወንድሜ ዛሬውኑ ለታናሽ ወንድሜ ደውዬ ነግሬዋለሁ፣ ጀሪካን አጥቦ ይወስዳል።

የሹፌሩን ነገር ልንገራችሁና ልጨርስ። ትናንት ማታ በኢሞ ለእናቱ ደወለ፣ ስልኩን ወደ ፓምፑ አዙሪው አላት። ቀይ ቀለሙ ለቆ የለም፣ ሃያ አመት ሊሞላው አይደል፣ ብረት ብቻ ነው ሚታየው። ግን ከስሩ ያለው ሲሚንቶ ቀይ ቡኒ ሆኖ ዝገት መስሏል፣ ውሃው በሚወርድበት በኩል በተለይ። የሚስቱ ወንድም ልጆች እዛው እግራቸውን ይታጠባሉ፣ አንዷ ትንሽዬ በእጇ ቀድታ ስትጠጣ አየናት።

ድንጋይ_ቆጣሪ

ሲሚንቶው ቀይ መሆኑ መጥፎ ምልክት ነው። ብረቱ የተሟሟበት ውሃ አየር ሲያገኝ ነው እንደዛ ሚያቀላው፣ ብረቱን የፈታው ነገር አርሴኒኩንም ይፈታል። ጥቁር ቢሆን ማንጋኒዝ ነው፣ ብዙ ጊዜ አርሴኒኩ ያንሳል። ምርመራን አይተካም፣ ግን ቀለሙ እስኪቀባ አትጠብቁ።

ኩዌት_ነኝ

ነገርኩት። ደሞዝ የዛሬ ሳምንት ነው፣ አንድ ቆርቆሮ ቀይ ቀለም መግዣ ለብቻ እልካለሁ አለ። እናቱ ደግሞ ቀለሙ ይቆይ መጀመሪያ እጀታውን ልፍታው ብላ ፈትታ አልጋ ስር ከታዋለች።